በውሃ ዳር የቆመ ሥር ምን ይጠማዋል?

ባሕር ዳር ውስጥ በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ድግግሞሹን ቀንሻለሁ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ተክሎች ግን አንባቢ በዓይነ ኅሊናው ያስቀምጣቸው።

ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ ልጆች፤ እንደምን ዋላችሁ።

ለዛሬ የተሰጠኝ ርዕስ «የዕፅዋት ክፍሎችና አገልግሎታቸው» የሚል ነው። ርዕሱን ሳይ አራተኛ ክፍል ተመልሼ የተቀመጥሁ መሰለኝ። ሥር ውሃና ማዕድን ከአፈር ይመጥጣል፤ ግንድ ይሸከማል፣ ያመላልሳል፤ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጃል፤ አበባ ለመራባት ነው፤ ፍሬ ዘር ያቅፋል። አሁንም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ ሳልደናቀፍ እወጣዋለሁ። ስሕተት የለበትም። የጎደለው ነገር እንዳለ የገባኝ አንድ የአቮካዶ ችግኝ በገዛ እጄ ከገደልሁ በኋላ ነው።

ቤታችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም፤ ግቢው በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ችግኙን ሰኔ ላይ ተከልሁት። ዝናቡ ባረፈ ቀን ሁሉ ደግሞ እኔ በባልዲ አጠጣሁት። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ጠወለገ። የጠወለገ ተክል የተጠማ ነው ብዬ ውሃ ጨመርሁለት። መስከረም ላይ ነቅዬ ሳየው ሥሩ ጠቁሯል፤ በጣት ሲነካ ልጣጩ ይወልቃል፤ ሽታውም የበሰበሰ እንቁላል ነው። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት በአጥሩ በኩል አዩኝና «ልጄ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥር ይተነፍሳል። ብርሃን በማያገኝበት ጨለማ ውስጥ ስለሚኖር ምግቡን ራሱ አያዘጋጅም፤ ቅጠል የላከለትን ስኳር በኦክስጅን እያቃጠለ ኃይል ያገኛል። ደኅና አፈር በቅንጣቶቹ መካከል ባዶ ቦታ አለው፤ በዚያ ቦታ አየር ይመላለሳል። ውሃ ሲተኛበት ያ ቦታ ይሞላል። ኦክስጅን ደግሞ በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በአየር ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገመ ፍጥነት ነው። የነበረውን ጥቂት ኦክስጅን ሥሩና በአፈሩ ያሉ ጥቃቅን ሕይወታውያን ተሻምተው ይጨርሱታል። አየር ያጣ ሥር ውሃ ለመመጠጥ አቅም የለውም፤ ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። እኔ ጥማት ነው ያልሁት መታፈን ነበር።

የሚጠራጠር ካለ ጠላ የሚጠምቁ እናቶችን ይጠይቅ። ብቅል ስታበቅሉ ገብሱን ትዘፈዝፉታላችሁ፤ ውሃ ውስጥ ግን አትተዉትም። አጥልላችሁ፣ በቅጠል ሸፍናችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ማቆጥቆጥ ሲጀምር እጃችሁን ብትሰዱበት ይሞቃል። ያ ሙቀት የእህሉ ትንፋሽ ነው። በዘሩ ውስጥ የተከማቸው ስታርች ወደ ስኳር እየተለወጠ፣ ስኳሩም እየተቃጠለ ነው። በውሃው ውስጥ ረስታችሁት ቢሆን ኖሮ ይሸት ነበር እንጂ ብቅል አይሆንም ነበር።

እንግዲህ የምንኖረው በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር ነው፤ ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተኝቷል። በዚህ ዳርቻ ለሚቆም ተክል ውሃ ብርቅ አይደለም። ብርቁ አየር ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሥር ተነሥቼ እስከ ዘር በተራ አልዘረዝርም። ከዘጌ ደን ጀምሬ ወደ ውሃው ስወርድ እያንዳንዱን ተክል አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ እዚህ ቦታ ስትቆም ምን ያጥርሃል?

ዘጌ ላይ የሚያጥረው ብርሃን ነው። ባሕረ ገብ መሬቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከገዳማቱ ጋር የኖረው ሥርዓት በበሬ ማረስን ስለሚከለክል ደኑ እስከ ዛሬ ቆይቷል። ነዋሪው የአቡነ በትረ ማርያምን ስም እየጠራ ነው ይህን የሚተርከው። ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ይህን የቡና ቅርንጫፍ ተመልከቱ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ አረንጓዴው ወደ ጥቁረት ያደላል፣ ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ከላይ ካሉት ዛፎች አምልጣ የምትወርደውን ጥቂት ብርሃን ለመያዝ የተዘረጋ መዳፍ ነው። ገልብጣችሁ ደግሞ ጀርባውን እዩ። ትንንሾቹ ደም ሥሮች ከመካከለኛው ጋር በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ጉድጓድ ነገር አለ፤ ማጉያ መነጽር ያለው በደንብ ያያታል። በዓይን የማይለዩ ደቃቃ ፍጥረታት መኖሪያ ናት። የሸረሪት ወገን ናቸው። ቅጠሉ ቤት ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ደግሞ ሻጋታና ጎጂ ተባይ ይለቅሙለታል። ይህ የቅጠል አገልግሎት በአራተኛ ክፍል ዝርዝራችን አልነበረም።

አበባውም የራሱ ብልሃት አለው። እምቡጡ በጋውን ሙሉ ተኝቶ ይቆያል። ደረቁ ወቅት አልፎ የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ ሲጥል፣ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ደኑ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። በዚያ ሰሞን ዘጌ ያልሄደ ሰው የቡና ሽታ የሚያውቀው በጀበና በኩል ብቻ ነው።

በደኑ ካሉት ዛፎች ብርብራን ሳልጠራ አላልፍም። ድሮ ዓሣ አጥማጆች ዘሩን ወቅጠው ውሃው ላይ ይበትኑት ነበር፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በዘሩ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ዓሣው ውሃው ውስጥ ኦክስጅን አላጣም፤ ኦክስጅኑ በስንጥቡ አልፎ ደሙ ውስጥም ገብቷል። ሮቴኖን የሚዘጋው የመጨረሻውን በር ነው፤ ሕዋሱ ኦክስጅኑን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል። ዓሣው በአየር መካከል ይታፈናል። ትልቁንም ጫጩቱንም ስለማይለይ ክፉ የማጥመጃ ዘዴ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ስለ ትንፋሽ ላወራ መጥቼ በዘጌ ዛፍ ላይ ጭምር ትንፋሽን አገኘሁት።

ከሐይቁ ጥቂት ራቅ ብለን ወደ አዊ ሽቅብ እንበል። ይህን ከነሥሩ የተነቀለ ግብጦ ዘመዴ በአውቶቡስ ነው ያመጣልኝ፤ ሾፌሩ «ለከብት ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ፍሬው መራራ ስለሆነ በወራጅ ውሃ ለቀናት ካልተዘፈዘፈ አይበላም፤ ይህን የጎጃም ሰው አላስተምረውም። ሥሩን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ያበጡ እብጠቶች አሉ፤ በሽታ አይደሉም። ከአየር ናይትሮጅን የሚይዙ ባክቴሪያዎች ማደሪያ ናቸው፤ ግብጦ ደከም ባለ መሬት ላይ የሚበቅለውና መሬቱን ለቀጣዩ እህል ደኅና አድርጎ የሚተወው በእነሱ ነው። አሁን አንዱን በጥፍሬ ልሰንጥቀው። ውስጡ ቀይ ነው፣ አያችሁ? ደም ይመስላል፤ በእርግጥም የደማችን ሂሞግሎቢን የሩቅ ዘመድ ነው። ባክቴሪያዎቹ ለመሥራት ኃይል፣ ለኃይሉም ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል፤ ናይትሮጅን የሚይዘው ኢንዛይማቸው ግን ኦክስጅን ሲበዛበት ይበላሻል። ስለዚህ ያ ቀይ ነገር ኦክስጅኑን ይዞ በልክ በልኩ ያድላቸዋል። አቮካዶዬ አየር አጥቶ ሞተ፤ ግብጦ እዚያው ሥሩ ላይ አየርን እንደ ቆጣቢ የቤት እመቤት በቁና ይሰፍራል።

አሁን ወደ ፎገራ ሜዳ እንውረድ። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ሌላው እህል የሚታፈንበትን ይህን መሬት ሩዝ ገባበት፤ ፎገራም በአገሪቱ በሩዝ ስሟ የሚጠራ ሆነች። ሩዝ በሥሩና በአገዳው ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ የአየር ቧንቧ አለው። ዘሩም ከገብስ ይለያል፤ አየር ባጣ ውሃ ውስጥ እንኳ ማቆጥቆጥ ይችላል። ስለ ሩዝ ብዙ መናገር ይቻላል፤ እኔ ግን የቸኮልሁት ወደዚህ ወደ ረጅሙ ነው።

ደንገል ነው። ዛሬ ጠዋት የቆረጥሁት፣ ከእኔ ቁመት በእጥፍ የሚበልጥ። ሳይቆረጥ እስከ አምስት ሜትር የሚደርስ አለ። በበዓል ቄጠማ የጎዘጎዘ ሰው አገዳውን በሁለት ጣት አሽከርክሮት ከሆነ ክብ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሦስት ጠርዝ አለው። ደንገልም እንደዚያው ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። በቢላዋ ልቁረጠውና ቁርጥራጩን አዳርሱልኝ። በጥፍር ተጫኑት። ነጩ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ይሰረጉዳል፤ አብዛኛው አየር ነውና። ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ አየር፣ ማዕዘኑ ሦስት፤ ይህን ያህል ቁመት በንፋስ ሳይሰበር የቆመው በዚህ አሠራር ነው።

ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ቅድም «ቅጠሉስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባደገ ደንገል ላይ ቅጠል የለም ማለት ይቻላል፤ ከታች አገዳውን የከበበ ቡናማ ሽፋን ሆኖ ቀርቷል። ምግብ የሚያዘጋጀው አረንጓዴው አገዳ ራሱና ከላይ እንደ ፀጉር የተበተነው ጉተና ነው። ግንድ የቅጠልን ሥራ ወስዷል። በደረቅ ዳገት ላይ ቁልቋልም ይህንኑ ያደርጋል፤ እሱ ግን ውሃ ለመቆጠብ ነው። አንዱ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሯል፣ ሌላው ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ሁለቱም ግንዳቸውን አረንጓዴ አደረጉ። ፈተና ላይ «ምግብ የሚያዘጋጀው የተክል ክፍል የትኛው ነው?» ሲባል «ቅጠል» ብቻ ብሎ ለሚያርም መምህር፣ ራሴንም ጨምሬ፣ ደንገል ትንሽ ያስቸግራል።

ከታች ያለው ወፍራም ነገር ደግሞ ሥር ይመስላል፤ ግንድ ነው። እንደ ዝንጅብል በጭቃው ውስጥ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ከእሱ ላይ አገዳው ሽቅብ፣ ሥሩ ቁልቁል ይወጣል። አየሩ በአገዳው ወርዶ እዚህ ይደርሳል፤ ከዚህም ወደ ቀጫጭኖቹ ሥሮች። አንዳንዱ ሥር የዝገት ቀለም እንዳለው አስተውሉ። እውነተኛ ዝገት ነው። ከሥሩ የሚያመልጠው ኦክስጅን አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ያዝገዋል። እንደ አቮካዶዬ የሚሸት ጥቁር ጭቃ ውስጥ ደንገል በየሥሩ ዙሪያ አየር ያለው ቀጭን ሽፋን አበጅቶ ይኖራል።

በሐይቃችን ይህን አየር ለጥቅም ያዋሉት በዳርቻው የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ታንኳ ሠሪዎች ናቸው። እንጨት ጀልባ የሚንሳፈፈው መሐሉ ባዶ ስለሆነ ነው፤ ቢሸነቆር ይሰምጣል። ታንኳ መሐሉ ባዶ መሆን አያሻውም፤ የተሠራበት ነገር ራሱ ይንሳፈፋል። ደንገሉ ታጭዶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ታስሮ ታንኳ ይሆናል፤ ከዘጌ የማገዶ እንጨት ተሸክሞ ባሕር ዳር ሲገባ ከሩቅ የሚታየው ጭነቱ እንጂ ታንኳው አይደለም። ውሃው ቀስ በቀስ ወደ አየሩ ቦታ ይገባል፤ ታንኳው ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ መልስ ወደ ዳር አውጥተው ያደርቁታል፤ ያም ሆኖ ወራት ነው እንጂ ዓመታት አይቆይም።

ከዚህ ሐይቅ የተቆረጠ ደንገል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ መሄዱን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ቶር ሄየርዳል የተባለ የኖርዌይ ሰው የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ማቋረጥ ይችሉ ነበር ብሎ ተነሣ። ደንገሉ ከጣና ታጭዶ ወደ ግብፅ ተወሰደ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ራ የተባለችውን ጀልባ አሰሩለት። ከሞሮኮ ተነሥታ ብዙ ሄደች፤ በስተኋላዋ በኩል ውሃ እየበላት ሳትደርስ ቀረች። በዓመቱ ራ ሁለት የተባለች ሌላ የደንገል ጀልባ በ57 ቀናት ባርባዶስ ገባች። የታሪክ ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች ልተወው። እኔን የያዘኝ ያ ጉዞ የተደረገው ደንገል እግሩን ጭቃ ውስጥ ነክሮ ላለመታፈን ባበጀው አየር ላይ መሆኑ ነው።

አሁን ዳርቻው ላይ ደንገሉ እየሳሳ ነው። ውሃው ሲሸሽ መሬቱ ይታረሳል፤ የቀረውም ይታጨዳል። ከዳገቱ የሚወርደውን ደለል ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት የሚያጠልለው ደንገል ነበር። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ከደንገሉ አለፍ ብሎ ውሃው ላይ ጠፍጣፋ ቅጠል ዘርግታ ነጭ ወይም ሰማያዊ አበባ የምታብብ ተክል አለች። ሥሯ ታች ጭቃ ውስጥ ነው። አብዛኛው ተክል የሚተነፍስባቸውን ቀዳዳዎች በቅጠሉ ጀርባ ይዟቸዋል፤ እሷ ግን ጀርባዋ ውሃ ስለሆነ ወደ ላይ አዛውራቸዋለች። ቅጠሉ ላይ ውሃ ብታንጠባጥቡ እየተንከባለለ የሚወርደውም ቀዳዳዎቹ እንዳይደፈኑ ገጹ በሰም ስለተቀባ ነው። በዚህች ተክል ወገን ደግሞ የሚገርም ነገር አለ። ፀሐይ የመታው ለጋ ቅጠል ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና ግፊቱ ይጨምራል፤ በአንገቱ ቁልቁል ይነፍሳል፤ ጭቃ ውስጥ ላለው ግንድ ያደርሳል፤ ከዚያም በአሮጌው ቅጠል በኩል ሽቅብ ይወጣል። ለጋው ያስገባል፣ አሮጌው ያስወጣል። ልብ የለም፣ ሳንባ የለም፣ ፓምፑ ፀሐይ ነው።

በመጨረሻ ይህን። በፕላስቲክ ቋጥሬ ያመጣሁት ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እምቦጭ። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። ቆቃና አዋሽ ላይ ከታወቀ ረጅም ዘመኑ ነው፤ ጣና ላይ የተመዘገበው በ2004 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ገደማ ሕዝቡ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ያያችሁት ነው፤ የነቀላችሁም እዚህ አላችሁ።

የቅጠሉ አንገት እንዴት እንዳበጠ እዩት። ኳስ ነው። በሳፋው ውሃ ውስጥ ልጭመቀው፤ አረፋው ይኸው። ይህ ተክል አየርን ወደ ጭቃ ማውረድ አያስፈልገውም፤ ጭቃውን ጭራሽ ትቶታል። ደግሞ ሲጨናነቅ ኳሱ ይቀርና አንገቱ ቀጥ ብሎ ይረዝማል። ብቻውን ሲሆን መንሳፈፊያ ይሠራል፤ ብዙ ሲሆን ጎረቤቶቹ ይደግፉታልና ጉልበቱን ወደ ቁመት ያዞራል። ሥሩ እንደ ላባ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሏል። አፈር ፍለጋ አይወርድም፤ አፈሩ ራሱ ከማዳበሪያው ጋር በርብ፣ በጉማራና በመገጭ ተጭኖ ወደ እሱ ይመጣል። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደምቢያ የበረታው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ደንገሉ ያጠልለው የነበረውን ደለል አስታውሱ።

ጓደኞቼ ስለ እምቦጭ ሳወራ «ታደንቀዋለህ እንዴ?» ይሉኛል። አሠራሩን አዎን፤ ከጣና እንዲወጣ ግን ከማንም በላይ እፈልጋለሁ። ምንጣፉ ሲዘረጋ ከሥሩ ያለው ውሃ ይጨልማል፤ በውሃው ውስጥ ያሉት ደቃቃ ዕፅዋት ኦክስጅን ማምረታቸውን ያቆማሉ። ንፋስ ውሃውን አይነካውም። ከላይ የሚረግፈው ቅጠል ሲበሰብስ ደግሞ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አምባዛ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከአየር መተንፈስ ይችላል፤ ቆሮሶ አይችልም። እያንዳንዱ ቅጠል አንገቱ ላይ አየር ታቅፎ፣ ከሥሩ ያለው ዓሣ ይታፈናል። ነቅለን ስንጥልም በየቦታው የቀረ ቁራጭ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም ጭቃው ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ዘንድሮ የነቀላችሁት እምቦጭ ዘር፣ እዚህ የተቀመጡት ልጆች ልጅ ወልደው ሲያመጡ ብቅ ሊል ይችላል።

ያዘጋጀሁት እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚቀረው ልምምድ ነው። ቅድም ያልኋችሁን የነጯን አበባ ቅጠል ከነረጅም አንገቱ ቆርጬ አምጥቻለሁ። አንገቱን ስታዩት በውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። አንዱን ጫፍ ሳፋው ውስጥ ነክሮ በሌላው የሚነፋ ልጅ እፈልጋለሁ።

(በዚህ ጊዜ አንድ የስምንት ዓመት ገደማ ልጅ ሮጦ መድረኩ ላይ ወጣ። ቅጠሉን ቆርጠን ጣልንና አንገቱን ሰጠሁት። መጀመሪያ አልሆነለትም፤ ጉንጩን ነፍቶ ደገመው። አረፋው ከሳፋው ተፍለቀለቀ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሁሉ ተሰልፈው ነበር፤ አንድ አዛውንት ታንኳ ቀዛፊ ደግሞ ከሰልፉ ኋላ ቆመው «ለእኔም አስቀሩልኝ» ይላሉ። ማይክሮፎኑን አጠፋሁት።)